አባሪ ሦስትን ማን አነበበው?

ባለፈው ወር አምስት ኪሎ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አንዲት የማውቃት ወጣት መሐንዲስ ወፍራም ሰነድ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ነገ መፈረም አለብን፤ አንዴ ብቻ ይዩልኝ" አለችኝ። ከአውሮፓ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከኬንያ አንድ ኩባንያ፣ ከእኛ ደግሞ እሷ የምትሠራበት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅትና አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተጣመሩበት ምርምር ነው። የአፈር እርጥበት በርካሽ የሚለካ መሣሪያ ይሠራሉ። መረጃውን የሚተነትን ሶፍትዌርም አለው።

የበጀት ሠንጠረዡን ገለጥኩት። በእርሳስ ተሞልቷል። አበሉ፣ ትራንስፖርቱ፣ ላፕቶፑ፣ ሁሉም ተደምሮ፣ ተቀንሶ፣ እንደገና ተደምሯል። ቀጠልኩና አባሪ ሦስትን ገለጥኩ። ስለ አእምሯዊ ንብረት ነው። አንድም ምልክት የለበትም።

"ይሄኛውንስ አንብባችሁታል?" አልኳት።

"እሱማ የተለመደ ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም የሚፈርመው ነው ብለውናል።"

ይህን መልስ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ ባሉ ቢሮዎች የጋራ ምርምር ፕሮፖዛል ሲዘጋጅ ሌሊት የሚታደርለት በጀቱ ነው። የመብቱ አባሪ ላይ ሲደረስ ሁሉም ደክሞታል። የማመልከቻው ቀን ደርሷል። ይፈረማል። ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። መሣሪያው ይሠራል። ከዚያ አንድ ሰው "ይህን አዳማ ላለ አንድ ገበሬዎች ማኅበር ልሽጠው" ይላል፤ ያኔ ነው አባሪው የሚፈለገው።

ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አሁን ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ጊዜው ተቀይሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን ገቢ መፈለግ አለበት። ሌሎችም እየተከተሉት ነው። የመንግሥት በጀት ለምርምር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ የውጭ አጋር ያለበት የጋራ ፕሮጀክት ለብዙ ላቦራቶሪ ዋነኛ እስትንፋስ እየሆነ ነው። በገንዘቡ ደስ ሲለን መብቱን በዝምታ እንዳንሰጥ እፈራለሁ።

የምለው አንድ ነገር ነው። በጋራ ምርምር ውስጥ የገንዘቡ ሕግና የመብቱ ሕግ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው። ማን ምን ከፈለ፣ ማን ስንት ቀን ሠራ፣ የማን ዕቃ ጥቅም ላይ ዋለ የሚለው ነገ "ውጤቱ የማን ነው?" ሲባል መልስ ይሆናል። እኛ ግን አንደኛውን ለሒሳብ ክፍል፣ ሌላውን ለማንም ሰጥተናቸዋል።

ገንዘቡ ከነሕጉ ሲመጣ

ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረትን ሆራይዘን ዩሮፕ እንውሰድ። ከእ.ኤ.አ. 2021 እስከ 2027 የሚቆይ፣ ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተያዘለት የምርምር ፕሮግራም ነው። በተለመደው አሠራር ከኅብረቱ አባል ወይም ከፕሮግራሙ ተባባሪ አገሮች ቢያንስ ሦስት ተቋማት መጣመር አለባቸው። ሦስቱም ከተለያየ አገር መሆን አለባቸው፤ አንዱ የግድ ከአባል አገር። በእነሱ ላይ የእኛ ተቋም ሊጨመር ይችላል። ኢትዮጵያ በፕሮግራሙ የዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ተቋሞቻችን ገንዘቡን በቀጥታ መውሰድ ይችላሉ።

ለምርምር ሥራ ወጪው 100 በመቶ ይሸፈናል። ሥራው ወደ ገበያ የቀረበ ከሆነ ግን ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት 70 በመቶ ብቻ ያገኛል። ቀሪውን 30 በመቶ ከኪሱ ያወጣል። በዚህ ላይ ለመብራት፣ ለቢሮ፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለመሳሰለው በቀጥታ ወጪው ላይ 25 በመቶ ይታከላል። ኦቨርሄድ የምንለው ነው። 100 ሺህ ዩሮ ቀጥታ ወጪ ያለው ተቋም 25 ሺህ ዩሮ ይጨመርለታል፤ ለንዑስ ተቋራጭ፣ ማለትም አጋር ሳይሆን በክፍያ ለሚሠራ፣ የሚከፈለው ግን በስሌቱ አይገባም።

ገንዘቡ በመጀመሪያ በቅድሚያ ይለቀቃል፤ ቀጥሎ በሪፖርት። በጥቅል ክፍያ ካልተዋዋላችሁ በቀር የሚከፈለው በትክክል ለወጣ ወጪ ነው። ደረሰኝ ያስፈልጋል። ሠራተኛው በወር ስንት ቀን ለፕሮጀክቱ እንደሠራ የሚገልጽ የተፈረመ መዝገብ ያስፈልጋል። ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ይህ ሁሉ ማስረጃ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ 5 ዓመት መቀመጥ አለበት።

የብሩን ነገርም መርሳት አይገባም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውላቸው በዩሮ የነበረ ሰዎች ተረፉ። የውስጥ ስምምነታቸውን በብር ቆርጠው የነበሩ ግን ከውጭ የሚገባውን ሴንሰር መግዛት አቃታቸው። ስለዚህ በጥምረቱ ውስጥ ያለው ክፍፍል በየትኛው ገንዘብ እንደተጻፈ እዩ። አንድ መስመር ነው፤ ፕሮጀክቱን ሊገድለው ይችላል።

ከገንዘቡ ክፍል ውስጥ ግን በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስማችሁ የተጻፈው በየትኛው ረድፍ ነው? አጋር ናችሁ ወይስ ንዑስ ተቋራጭ?

ብዙ ሰው ልዩነቱን በክፍያ ፍጥነት ይለካዋል። ንዑስ ተቋራጭ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል። የወር መዝገብ የለ፣ ኦዲት የለ። ቀላል ይመስላል። ለትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት በጣም ያጓጓል። ነገር ግን አጋር የሆነ ያመነጨው ውጤት ባለቤት ይሆናል። ንዑስ ተቋራጭ የሠራው የአሠሪው ይሆናል። የእኛም ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በውል አሠርቶ የከፈለ ሰው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የፈጠራው መብት የእሱ ነው። እንግዲህ ኮዱን በሙሉ የጻፈው የቦሌው ልጅ ነው፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው። ይህ የተወሰነው በበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በአንድ ረድፍ ነው። ያቺ ልጅ በእርሳስ በሞላችው ሠንጠረዥ ላይ!

ዘሩ ከክፍፍሉ በፊት ይወጣል?

አገራችን የእኩል እርሻን ታውቃለች። አንዱ መሬት ያመጣል፣ ሌላው በሬና ጉልበት። እህሉ ሲወቃ ይካፈላሉ። ግን አስተዋይ ገበሬ ከማረሱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ዘሩ የማን ነው? ምርቱ ከመከፈሉ በፊት የዘሩ መጠን ለባለቤቱ ይመለሳል ወይስ አብሮ ይከፈላል? ይህን በምስክር ፊት ተነጋግሮ ነው ሞፈርና ቀንበር የሚነሳው።

የምርምር ውሎችም ይህንኑ ነው የሚጠይቁት። አንድ ክፍል ይዛችሁ ስለመጣችሁት ዕውቀት ይናገራል፤ ከፕሮጀክቱ በፊት የጻፋችሁት ኮድ፣ የሰበሰባችሁት መረጃ፣ የሳላችሁት ንድፍ። ሌላው ክፍል በፕሮጀክቱ ስለሚገኘው ውጤት ነው። ዘሩና ምርቱ ማለት ነው። በሆራይዘን ዩሮፕ ደንብ መሠረት አጋሮቹ የየራሳቸውን ዘር በጽሑፍ ለይተው መስማማት አለባቸው። ለፕሮጀክቱ ሥራ ሲባል አንዱ የሌላውን በነጻ ይጠቀማል። ከፕሮጀክቱ በኋላ ውጤቱን ለገበያ ለማቅረብ የሌላው ዕውቀት ካስፈለገ ግን በተመጣጣኝና ምክንያታዊ ዋጋ ይጠየቃል። ይህን ጥያቄ ለማቅረብ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያላችሁ ጊዜ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ አንድ ዓመት ነው። ይህን የአንድ ዓመት ገደብ የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው ያጋጠመኝ።

ይህ ጉዳይ በራሴ ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለካርታ ሥራ የሚውል ፕሮግራም ጽፈን ነበር። ማታ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ለሁለት ዓመት ተኩል። ቆይቶ ከውጭ ተቋም ጋር የጋራ ፕሮጀክት ገባን። የኛን ዘር የምንዘረዝርበት ገጽ ነበር። "ምንም የለም" የሚለው ላይ ምልክት አድርገን ፈረምን፤ ለማሳጠር ያህል። ከዚያ የቆየ ኮዳችንን ወደ ፕሮጀክቱ የጋራ ማከማቻ አስገባነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያ ኮድ እንደ ጋራ ውጤት ተቆጠረ። በሌላ ሥራ ልንጠቀምበት ስንል ፈቃድ ጠይቁ ተባልን። ፈቃዱ እስኪመጣ 11 ወር ፈጀ። የምንወዳደርበት ጨረታ በመሀል ተዘጋ። ማንም አልሰረቀንም። ውሉ ያለውን ነው ያደረጉት። አንድ ገጽ ብንሞላ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ መጀመሪያ የነገርኳት ይህን ነው። ዝርዝሩን ጻፉ። የፋይሉን ስም፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ማን እንደጻፈው። ክፍት ምንጭ የሆነ፣ ማለትም ማንም እንዲጠቀምበት በይፋ የተለቀቀ ኮድ ተጠቅማችሁ ከሆነ ከነፈቃዱ ዓይነት አስፍሩት። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ያለበትን ኮድ ቀላቅላችሁ ሶፍትዌሩን ለሌላ ካከፋፈላችሁ የእናንተንም ኮድ በዚያው ፈቃድ ክፍት እንድታደርጉ ያስገድዳችኋል። ፈቃዱ ኤምአይቲ ወይም አፓቼ የሚባለው ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። አጋራችሁ ኩባንያ ይህን በመጨረሻው ወር ከሰማ ይደነግጣል።

ውሉ ዝም ሲል ሕጋችን ምን ይላል?

የእኛ መሠረታዊ ሕግ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፓተንት፣ ማለትም በፈጠራ ላይ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት፣ ለ15 ዓመት ይሰጣል። ፈጠራው እዚህ አገር ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል 5 ዓመት ነው፤ አንዴ ለ5 ዓመት ይታደሳል። እንደ አፈር መለኪያው ላለ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው።

ባለቤትነትን በተመለከተ አዋጁ ሦስት ሁኔታዎችን ይለያል። በሥራ ወይም በአገልግሎት ውል መሠረት የተገኘ ፈጠራ የአሠሪው ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ። ከሥራው ጋር ምንም ሳይገናኝ፣ የአሠሪው ሀብት፣ መረጃና ዕቃ ሳይነካ የተገኘ የሠራተኛው ነው። ሦስተኛው በጣም የምወደውም የምፈራውም ነው። ከሁለቱ ውጭ ሆኖ በሠራተኛው የግል ጥረትና በአሠሪው ሀብት፣ መረጃ ወይም መሣሪያ የተገኘ ከሆነ የሁለቱ የጋራ ነው፤ ድርሻውም እኩል ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። "የአሠሪው ሀብት ተነክቷል ወይስ አልተነካም?" የሚለውን ማን ይመሰክራል? ደረሰኙ። የላቦራቶሪ መዝገቡ። ያ አሰልቺ የወር ሰዓት መዝገብ። ለኦዲተር ብለን የምንሞላው ወረቀት ለባለቤትነት ክርክር ዋናው ማስረጃ ይሆናል። ቅዳሜ በራሱ ላፕቶፕ የሠራ ልጅ የወር መዝገቡ ላይ ቅዳሜን ለፕሮጀክቱ ሠራሁ ብሎ ከሞላ በገዛ ፊርማው መስክሯል። መዝገቡን ዝም ብሎ በወሩ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ የሚሞላ ሰው ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ሶፍትዌር ሲሆን ደግሞ መንገዱ ይለያል። የኮምፒውተር ፕሮግራም በዚህ አዋጅ ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች አንዱ ነው። የሚጠበቀው በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። እዚያም ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም አሠሪው ነው። እንግዲህ የአፈር መለኪያው አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሁለት ሕግ ይገዛዋል። ሣጥኑና ሴንሰሩ በአንዱ፣ በውስጡ ያለው ኮድ በሌላው። አንዱ የዩኒቨርሲቲው፣ ሌላው የድርጅቱ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። አንዱ ካለሌላው አይሠራም።

ከሁሉም የሚረሱት ተማሪዎቹ ናቸው። አምስት ኪሎ ብትሄዱ የፕሮጀክቱን ግማሽ ሥራ የሚሠራው የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ተማሪ ነው። ተማሪ ደግሞ ተቀጣሪ አይደለም። የሥራ ውል የለውም። አማካሪው ያዘዋል፣ እሱ ይጽፋል። ስለ ቀጣሪ የተጻፈው ድንጋጌ እሱን በቀላሉ አይነካውም። ስለዚህ ምንም ካልፈረመ የጻፈው ኮድ የራሱ ነው ብሎ ለመከራከር ጥሩ መሠረት አለው። ዩኒቨርሲቲው ግን ለውጭ አጋሮቹ "ውጤቱ የእኛ ነው" ብሎ ፈርሟል። የሌለውን ሰጥቷል ማለት ነው። ተማሪው ተመርቆ ካናዳ ከሄደ በኋላ ፊርማ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያንከራትት ያየ ያውቀዋል። ለተማሪውም ቢሆን ፍትሕ አይደለም። ስሙ የሚጠቀስበት፣ ገቢ ከመጣ ድርሻው የሚታወቅበት አንድ ገጽ ቅጽ በመጀመሪያው ሳምንት ቢፈርም እሱም ይከበራል፣ ተቋሙም ይድናል።

በዚህ ጉዳይ የአንድ ቃል ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ትልቅ ክርክር አሜሪካ ውስጥ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድ ዘዴ ለመማር ሲተስ ወደሚባል ኩባንያ ሄደ። ኤችአይቪን በደም ውስጥ ለመለካት የሚያገለግል ምርምር ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ጋር በነበረው ውል "የፈጠራ መብቴን ለማስተላለፍ እስማማለሁ" ብሎ ፈርሟል። ኩባንያው በር ላይ የሰጡትን ወረቀት ደግሞ ፈረመ። እሱ ላይ ያለው ቃል "አስተላልፋለሁ፤ በዚህም አስተላልፌያለሁ" የሚል ነበር። የመጀመሪያው የወደፊት ቃል ኪዳን ነው። ሁለተኛው ያኔውኑ የተፈጸመ ስጦታ ነው። ኩባንያው የነበረውን መብት ሮሽ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ገዛው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ስታንፎርድ ተሸነፈ። ምርምሩ በመንግሥት ገንዘብ መደገፉ ብቻውን መብቱን ለዩኒቨርሲቲው አይሰጥም ተባለ፤ መብቱ መጀመሪያ የፈጣሪው ነውና።

በአማርኛ ስንዋዋል ይህን ልዩነት ማስቀመጥ ቀላል ነው። "አስተላልፋለሁ" እና "አስተላልፌያለሁ"። የአንድ ግሥ ጊዜ ነው። ፈራሚው ግን ቆም ብሎ ማየት አለበት። ላቦራቶሪ ጉብኝት ስትሄዱ በር ላይ የሚሰጣችሁን የሚስጥር ጥበቃ ወረቀትም ጭምር።

"የጋራ" የሚለው ቃል

ስብሰባ ላይ ክርክር ሲጠነክር አንድ ደግ ሰው "እንግዲያው የጋራ ይሁን" ይላል። ሁሉም ይስማማል፣ ሻይ ይመጣል። ቃሉ ደስ ይላል። ሆኖም ከባድ ቃል ነው። አሜሪካ ውስጥ የጋራ ፓተንት ባለቤት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሌላውን ሳይጠይቅና ገቢውን ሳያካፍል ለሦስተኛ ወገን ፈቃድ መስጠት ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ራሱ ይጠቀምበታል፤ ለሌላ ፈቃድ ለመስጠት ግን የሌላው ባለቤት ስምምነት ያስፈልገዋል። በሆራይዘን ዩሮፕ ደግሞ አጋሮቹ ሌላ ካልተስማሙ አንደኛው ለሌላው ከ45 ቀን በፊት አሳውቆና ተመጣጣኝ ካሳ ከፍሎ ብቸኛ ያልሆነ፣ ማለትም ሌሎችም ሊያገኙት የሚችሉት ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ሊሰጥ ይችላል። ያው አንድ "የጋራ" ሦስት ቦታ ሦስት ነገር ነው።

ስለዚህ ውሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ መታየት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የድጋፍ ውሎች በኅብረቱ ሕግ፣ እንዳስፈላጊነቱም በቤልጂየም ሕግ ይተዳደራሉ። አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ብራስልስ የሚታይ ክርክር ውስጥ ልንገባ እንችላለን። ለትንሽ ድርጅት የጠበቃው ወጪ ብቻውን ከፕሮጀክቱ ድርሻ ሊበልጥ ይችላል።

እኛ ይህን በጤፍ ተምረነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የብዝሃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋሞቻችን ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዘር አጠቃቀምና የጥቅም መጋራት ስምምነት ፈረሙ። በዘመኑ እንደ ጥሩ ምሳሌ ይነገርለት ነበር። ኩባንያው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የጤፍ ዱቄት ዝግጅት ላይ ፓተንት አመልክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ወደ ሌላ ድርጅት ተላለፈ። የእኛ ውል ከከሰረው ጋር ነው፤ ፓተንቱ ያለው ሌላ ጋ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ ገደማና ገና በጅምር የተቋረጠ ትንሽ የምርምር ሥራ ነበር። የኔዘርላንድሱ ፓተንት ውድቅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በሄግ ፍርድ ቤት ነው፤ አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለበትም ተብሎ። ክርክሩም የሁለት የውጭ ድርጅቶች ክርክር ነበር።

ጤፍ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንናገረው ስለ ስርቆት ነው። ቁጣው ይገባኛል፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። ግን ውሉን ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ኩባንያው ቢከስር መብቱ ወዴት ይሄዳል? ለሌላ ቢሸጥ ግዴታው አብሮ ይሄዳል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በግልጽና በጠንካራ ቃል ተመልሰው ቢሆን ኖሮ የምንይዘው ነገር ይኖረን ነበር። የዚያች ልጅ ፕሮጀክት ውስጥም አንድ የኬንያ ኩባንያ አለ። ጥሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ኩባንያ ግን ይሸጣል፣ ይከስራል።

ማሳተም፣ መከላከል፣ መካፈል

ተመራማሪ ማሳተም አለበት። እድገቱም ስሙም በዚያ ነው። ገንዘብ ሰጪውም ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ ሆራይዘን ዩሮፕ ወዲያውኑ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን እደግፈዋለሁ። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ዕውቀት ለሕዝብ ይገባል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። በአውሮፓ ሕግ ከማመልከቻው በፊት በይፋ የተነገረ ፈጠራ አዲስነቱን ያጣል። ኮንፈረንስ ላይ የታየ ስላይድ ይበቃል። ማንም ሰው ገብቶ የሚሰማው የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ይበቃል። አሜሪካ የአንድ ዓመት እፎይታ ትሰጣለች፤ አውሮፓ ለፈጣሪው እንዲህ ያለ አጠቃላይ እፎይታ የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ ማሳተም። ውሎች አጋር ረቂቁን አይቶ እንዲመልስ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን ይሰጣሉ። የተማሪው የመከላከያ ቀን ሲቆረጥ ይህ ይቆጠር። ተማሪው አንድ ሴሚስተር እንዲዘገይ መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም። ፕሮጀክቱ አስቀድሞ ማቀድ አለበት።

መረጃውስ? ከገበሬ ማሳ የሚሰበሰብ መረጃ ስምና ስልክ፣ የቦታ ምልክትም ይይዛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ መረጃው ወደ ውጭ ሰርቨር ሲሄድ ያገባዋል። የዘር ወይም የዕፅዋት ናሙና ከተወሰደ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል። በአጭሩ ነው ያለፍኩት፤ ለየብቻቸው ብዙ የሚባልላቸው ናቸው።

ከጎረቤት ብዙ ባልርቅ ደቡብ አፍሪካን አነሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሕዝብ ገንዘብ ስለሚካሄድ ምርምር ለብቻው ሕግ አወጡ። የሚያስደስተኝ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ተቋሙ ከፈጠራው ገቢ ሲያገኝ ከመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ራንድ ቢያንስ 20 በመቶ ለፈጣሪዎቹ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ካለው የተጣራ ገቢ ቢያንስ 30 በመቶ። ፈጣሪው ድርሻውን ከመጀመሪያው ያውቃል። ሁለተኛ፣ የግል ኩባንያ ባለቤትነት ሙሉ በሙሉ ከፈለገ የምርምሩን ሙሉ ወጪ ይክፈል ይላል። ሙሉ ሲባል ኦቨርሄዱንም ጨምሮ ነው። ግማሹን ብቻ የከፈለ ሁሉንም አይወስድም። ገንዘቡና መብቱ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተያይዘዋል። እንዲህ ያለ ግልጽ ድንጋጌ እኛም ያስፈልገናል፤ በተለይ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በራሳቸው መደራደር በጀመሩበት በዚህ ጊዜ።

ወደ አምስት ኪሎዋ ልጅ ልመለስ። ያን ቀን ሦስት ነገር ጻፍንላቸው። ድርጅታቸው ከፕሮጀክቱ በፊት የሠራቸው ሰባት የኮድ ክፍሎች ዝርዝር። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈርሙት አንድ ገጽ ቅጽ፣ ድርሻቸውን ጨምሮ። ከአጋሮቹ አንዱ ቢሸጥ ወይም ቢከስር ግዴታው ከመብቱ ጋር አብሮ እንዲተላለፍ የሚል አንቀጽ። በማግስቱ አልተፈረመም። አስተባባሪው ዩኒቨርሲቲ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሌሎቹም ዝርዝራቸውን እንዲልኩ ጠየቀ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቀባይነት አገኙ። ሦስተኛውን የኬንያው ኩባንያ ጠበቃ እያየው ነው፤ ሁለት ሳምንት ስጡኝ ብሏል።